ቀይ ባንዲራ አይተው የቆሙት

ሄስተር ኒበርግ ባሏ ከሞተ ወዲህ «እንዴት ነሽ?» ሲሏት የምትመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነበር። «ደህና ነኝ።» ጠያቂው ቃሉን ሳይጨርስ መልሱ ከአፏ ይወጣል። አሥራ አራት ወር ሙሉ ለቄሱም፣ ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለጎረቤቱም እኩል አደለችው። ውሸት ነው ብላችሁ እንዳትቀየሟት። ደህና አለመሆንም እኮ የሆነ ነገር እንዲሰማችሁ ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ምንም አይሰማትም ነበር። ጠዋት ትነሳለች፣ በረዶውን ከመኪናዋ ላይ ትጠርጋለች፣ ትሠራለች፣ ትመለሳለች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ሥራዋ አሜሪካ፣ ዱሉዝ በምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ በላይ ባለ አንድ ትንሽ የሕግ ትምህርት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊነት ነው። ከዚያ በተጨማሪ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለጀማሪ ተማሪዎች አንድ ትምህርት ታስተምራለች፦ ፍርድ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተገኘው ፍርድ ዛሬም በሕይወት መኖሩ እንዴት እንደሚጣራ። ፍርድ ይሞታል። ትናንት አገር ያሰረ ፍርድ ዛሬ በሌላ ይሻርና ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያን ሳያጣራ ዳኛ ፊት የቆመ ጠበቃ ወዮለት! ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ከተሻረ ፍርድ ጎን ቀይ ባንዲራ የሚታየው።

አስተማሪነቷን ግን ተማሪ ሁሉ ይጠላዋል። ገና ሲገቡ «ላፕቶፕ ዝጉ» ትላለች። ባዶ ነጭ ወረቀት ታድላለች። «ባለፈው ሳምንት ያየነውን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ያየነውንም፣ ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ ጻፉ።» ተማሪው ጣራ ያያል፣ እስክሪብቶ ያኝካል፣ ያልበዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዚህ ነገር ላይ የተጻፉ ጥናቶችን አንድ በአንድ አንብባ ነው የጀመረችው። ጥናቶቹ የሚሉት ቀላል ነው። ጥሩ ተናጋሪ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ተማሪ የገባው ይመስለዋል፣ ከወር በኋላ ግን ባዶ ነው። ለማስታወስ የተጨነቀው ደግሞ ምንም ያልገባው ይመስለዋል፣ ከወር በኋላ ግን ነገሩ እሱ ዘንድ አለ። እና ተማሪ መምህሩን የሚመዝነው መቼ ነው? ከወር በኋላ ነው? የለም! የዚያኑ ዕለት፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ ነው።

ስለዚህ የሄስተር ምዘና ከአምስት ሁለት ነጥብ አንድ ነበር። ሌላውን ምድብ የሚያስተምረው ሌይፍ ኦስትቢ አራት ነጥብ ስምንት ያገኛል። ኦስትቢ ፊት ለፊት ሲቆም ያምራል፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ከሰላሳ ዓመት የጥብቅና ሥራው የማያልቅ ወሬ አለው። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ሊጠላው አይችልም፣ ችግሩም ያ ነው።

የካቲት ላይ ዲኑ ኮርትላንድ ጠራት። ኮርትላንድ ራሱ የዛሬ ሃያ ዓመት ተማሪዋ ነበር፣ ስለዚህ እስካሁን «እርስዎ» ይላታል፣ ዓይኗንም ደፍሮ አያይም።

«ሄስተር፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«ኮሚቴው ሁለቱን ምድቦች አጣምሮ ለአንድ ሰው ሊሰጥ ነው። ለኦስትቢ። እርስዎ እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ… ምድር ቤት ያሉት የቆዩ መጻሕፍት ዝርዝራቸው አልተሠራም፣ ጡረታዎም ሦስት ዓመት ነው የቀረው…»

«ምድር ቤት ልትቀብረኝ ነው?»

«ኧረ እንደሱ አይበሉ! ተማሪዎቹ ናቸው ምንም አልገባንም የሚሉት።»

«ከእኔ ምን ተማርክ አንተ?»

ኮርትላንድ ሳቀ። «እውነቱን ልንገርዎት? ትዝ አይለኝም።»

«ያኔ እንደ ኦስትቢ ነበር የማስተምረው» አለችው። «አራት ነጥብ ስድስት ነበረኝ። አንተም አምስት ነው የሰጠኸኝ።»

ከዚያ ያሰበችውን ነገረችው። ሁለቱም ምድቦች የማጣራቱን ክፍል ከተማሩ ወራት ባለፉ በመጋቢት፣ ሳይነገራቸው፣ አንድ ዓይነት ፈተና ይውሰዱ። የእሷ ተማሪዎች ካልበለጡ ቁልፏን ይዛ ምድር ቤት ትወርዳለች። ከበለጡ ትምህርቱ የሷ ይሆናል። ኮርትላንድ ቁጥር የሚወድ ሰው ነውና ተስማማ፣ ለኮሚቴውም በጽሑፍ አስታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሄስተር ማንቂያ ደወሏን የምትሞላው ለማክሰኞና ለሐሙስ ብቻ ነበር። በሌሎቹ ቀናት የምትነሳው ከእነዚያ ሁለት ቀናት በተረፈ ጉልበት ነው። ያ ክፍል ከተወሰደባት ከአልጋዋ የሚያስነሳት ነገር አይኖርም። ይህን ታውቀዋለች፣ ልክ የሰው ጉዳይ ይመስል በእርጋታ ታውቀዋለች።

ቤቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ የመጋገሪያ ሳህኖች ተደርድረዋል። ባሏ አርቪድ የሞተ ሰሞን ሰው ሁሉ ሃትዲሽ እየጋገረ አመጣላት፤ ሥጋው፣ ድንቹ፣ አይብ የተደፋበት። እዚህ አገር ለቅሶ የሚደረሰው በሃትዲሽ ነው። እያንዳንዱ ሳህን ከሥሩ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ፕላስተር አለው፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ባዶውን ግን አይመለስም። ኬክም ይሁን ብስኩት ይደረግበታል። ሄስተር ሁሉንም አጥባለች። የሚጨመርበት ግን ከየት ይምጣ? አሥራ አራት ወር እዚያው ተቀምጠዋል። አንደኛው ሰማያዊ ነው፣ ከሥሩ «ሲግሪድ ኦስትቢ» ይላል፣ የሌይፍ ሚስት።

ፈተናው የአንድ ሰዓት ነበር፣ ኮምፒውተር ተከፍቶ። ጥያቄው ደግሞ ይህ፦ አንድ ሰው በሰው ደጃፍ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ ወገቡ ተሰበረ። የቤቱ ባለቤት በረዶውን አልጠረገም። ሆቭላንድ የሚባለው የድሮ ፍርድ ለተጎጂው ይፈርዳል። በሆቭላንድ ተማምናችሁ ዳኛ ፊት ትቆማላችሁ ወይ?

መልሱ አትቆሙም ነው። ብሬከን የሚባል ሌላ ፍርድ ሆቭላንድን ከሃያ ዓመት በፊት ሽሮታል። ያጣራ ሰው ቀይ ባንዲራውን ያያል፣ ያላጣራ ይሸነፋል።

ሄስተር ወረቀቶቹን አንዴ ቁጭ ብላ ሳትነሳ አረመች። ከእሷ ሃያ ተማሪዎች አሥራ ሰባቱ «ሞቷል፣ አንቆምም» ብለዋል። ከኦስትቢ ሃያ አንድ ተማሪዎች እንደዚያ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው። የቀሩት አሥራ ስድስቱ ሳያጣሩ «ሆቭላንድ አለ፣ ምን ችግር አለ!» ብለው በደስታ ዘለው ገብተዋል። አሥራ ሰባት ከሃያ፣ አምስት ከሃያ አንድ። ቁጥሩን ለዲኑ ላከችለት። ደስ ይላት እንደሆን ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ኮቷን ለብሳ ወጣች።

በማግስቱ ኦስትቢ ኮሪደሩ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ጠበቃት። «አይ አንቺ ሴት! ዘረርሽኝ እኮ! ሲግሪድ ስትሰማ ራት የምትሰጠኝ ይመስልሻል?»

«የተማሪዎቹ ነው።»

«የተማሪዎቹ ትላለች! አምስት! ሠላሳ ዓመት ጠበቃ ነኝ፣ አምስት ልጅ ነው ያስተማርኩት!» ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱ ረጋ አለ። «እንዴት ነሽ ግን፣ ሄስተር?»

«ደህና ነኝ።»

«ሲግሪድ ያቺን ሰማያዊ መጋገሪያዋን ለፋሲካ ትፈልጋታለች። ባትችዪም ግድ የለም።»

«አመጣለሁ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ጆሊን ካርቮነን ቢሮዋ መጣች። ጆሊን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ወደብ ላይ ማዕድን ከሚጭኑት ጋር አሥራ አምስት ዓመት ሠርታ ነው ሕግ ልማር ብላ የመጣችው። ድምጿ ከሩቅ ይሰማል። ባለፈው የምዘና ወረቀት ላይ፣ ስም በማይጻፍበት ላይ፣ አንድ ሰው «ይቺ ሴትዮ ራሷ በሕይወት መኖሯን ያጣራ አለ ወይ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ሄስተር ወደ ግራ የተጋደመውን ጽሕፈት ወዲያው አውቃዋለች። በየሳምንቱ ሁለቴ በነጭ ወረቀት ላይ የምታየውን እንዴት ይጠፋታል? አንብባ ከሌሎቹ ጋር ፋይል ውስጥ ከታዋለች።

ጆሊን የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ሚስ ኒበርግ፣ ሆቭላንድ አለ ስላልኩ ስህተት አሉኝ።»

«ሆቭላንድ ተሽሯል።»

«ማን ሻረው?»

«ብሬከን።»

«ብሬከንንስ?»

ሄስተር የፈተና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«በሕግ አምላክ፣ ሚስ ኒበርግ! ገዳዩም ሞቷል እኮ!» አለች ጆሊን። «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብሬከንን ጣለው። ሆቭላንድ ተነስቷል። ባንዲራው ግን እስካሁን ቀይ ነው፣ ማንም አላወረደውም። እኔ ባንዲራውን አየሁ፣ ግን ወደብ ላይ ስሠራ መብራቱ ሁሌ ቀይ ነበር። መብራቱ ራሱ ተበላሽቶ እንዳይሆን ሄደህ ታያለህ። ሄጄ አየሁ።»

ሄስተር ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ውሳኔው እዚያው ነበር፣ ዘጠኝ ገጽ። ሆቭላንድ በሕይወት አለ። ማጣራት የምታስተምረው ሴት የራሷን የመልስ ወረቀት ሳታጣራ ፈተነች። ለሥራዋ ሰዎች ከዚህ የከፋ ውርደት የለም።

ልብ አድርጉ እንግዲህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እዚህ ግን ያልጠረጠሩት አለፉ፣ ግማሽ መንገድ የጠረጠሩት ተመነጠሩ። ሲታረም የእሷ ተማሪዎች ውጤት ሦስት ከሃያ፣ የኦስትቢ አሥራ ስድስት ከሃያ አንድ ነው። ከሦስቱም ሁለቱ ምንም ያላጣሩ ሰነፎች ናቸው። እስከ ጥጉ የሄደችው ጆሊን ብቻ ናት።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም» አለች ጆሊን። በሩን መለስ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ስለ ውርርዱ ሁላችንም ሰምተናል። የኔን ነጥብ ይተዉት፣ አፌን እዘጋለሁ። የኦስትቢ ልጆች እኮ ያገኙት በጭፍን ነው! ለዚያ ብለው ክፍሉን ከሚያጡ ምን አለበት? ያን ወረቀትም… ስለ እርስዎ የተጻፈውን… እኔ ነኝ የጻፍኩት። ተናድጄ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ? እና ዝም አሉ?»

«ጥያቄው ትክክል ነበር» አለች ሄስተር።

ጆሊን ከሄደች በኋላ ሄስተር የጥያቄ ካርዶቿን ሳጥን ከመሳቢያ አወጣች። አርቪድ ሠላሳ ዓመት ፖስተኛ ነበር። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና እሷ አዳዲስ ጥያቄዎች በካርድ ላይ ትጽፋለች፣ እሱ ርዕስ ያቀብላታል። «ስለ ጀልባ ጠይቂ። ስለ ውሻ ንክሻ ጠይቂ፣ እኔ ምስክር እሆናለሁ።» የመጨረሻው ሆቭላንድ ነው። «በሰው ደጃፍ ስለሚወድቅ ሰው ጠይቂ እንጂ፣ እኔ ሦስቴ ወድቄ ማን ካሰኝ?» ብሎ እየሳቀ። በሳምንቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አንድም አዲስ ካርድ አልጻፈችም። ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ያንኑ በረዶ፣ ያንኑ ደጃፍ፣ ያንኑ ባንዲራ ጠየቀች፣ አንዴም ተመልሳ አላየችውም። እንዴት ብላ ታየዋለች?

ጥናቱ ሁለት ነገር ነበር የሚለው። አንዱ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄውን እያፈራረቃችሁ፣ እየለዋወጣችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ተማሪው መልሱን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አይማርም። ያን መስመር በራሷ እጅ አሥምራበታለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሃያ ሰው ቀይ ሲያይ እንዲቆም አሠለጠነች፣ አሥራ ሰባቱ ደህና አድርገው ቆሙላት።

ያኔ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። ደስ የሚል አልነበረም። በብርድ የደነዘዘ እግር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያም ዱሉዝ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ዲኑ ቢሮ ስትገባ ኮርትላንድ ለኮሚቴው የሚልከውን ደብዳቤ ጨርሶ ነበር። የታረመውን ቁጥር ሰጠችው። ሁለቴ አነበበው።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«አንድ ተማሪ። ዝም እላለሁ ብላለች።»

ኮርትላንድ ፊቱን በእጁ አበሰ። «ሄስተር፣ ምነው ባይነግሩኝ! የኦስትቢ ልጆች አላጣሩም፣ በዕድል ነው ያገኙት። የእርስዎዎቹ ቢያንስ አይተዋል።»

«አላዩም። ቀይ ሲያዩ ቆሙ። እንዲቆሙ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ስምምነቱ በጽሑፍ ነው። ኮሚቴው የሚያየው ቁጥሩን ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስያዝኩህ።»

«ለመስከረም ለኦስትቢ ልሰጠው ነው እንግዲህ» አለ፣ መስኮቱን እያየ። «አዝናለሁ። እውነቴን ነው።»

«ማዘንህን አየሁ» አለች። ወጥታ ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ ከፋሲካ በፊት የመጨረሻው አርብ ነበር። ሰማያዊውን ሳህን ይዛ ወደ ኦስትቢ ቢሮ ሄደች። ዲኑ ነግሮታል፣ ከፊቱ ያስታውቃል፤ እንደ ወትሮው አልሳቀም። ተነስቶ ተቀበላት።

«ከበደ እኮ! ምን አድርገሽበት ነው?»

«ባዶውን አይመለስም።»

ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ ካርድ ነው፣ በላስቲክ በላስቲክ የታሰረ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ጥያቄ። ግማሹ ላይ የአርቪድ የቡና ኩባያ ክብ ክብ አትሞበታል። ከላይ አንድ አዲስ ካርድ አለ፣ ትናንት ማታ የጻፈችው፣ ከአሥራ አራት ወር ወዲህ የመጀመሪያው። ኦስትቢ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ይህን ፍርድ የሻረውን ፍርድ ማን አጣራ?»

«ሄስተር፣ እኔ ይህን አልችልበትም» አለ። «እኔ የማውቀው ማውራት ነው።»

«ትችላለህ። አታውራላቸው፣ ጠይቃቸው። ይጠሉሃል፣ ልመድ። ጥያቄውን ደግሞ በየጊዜው ቀይረው። ሆቭላንድን አውጥተህ ጣለው… አትጣለው። ለኔ መልስልኝ።»

ኦስትቢ ካርዶቹን አገላበጠ፣ የሆቭላንድን ፈልጎ አገኘና በሁለት እጁ ሰጣት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። ኮሪደር ላይ እንደሚጠይቀው ሳይሆን፣ መልሱን እንደማያውቅ ሰው ጠየቃት።

«እንዴት ነሽ፣ ሄስተር?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ከንፈሯ ላይ ነበር። «ደህ—» አለችና ቆመች። ካርዱን አየችው። በእርሳስ፣ በአርቪድ ጽሕፈት፣ ጥጉ ላይ «እኔ ሦስቴ ወድቄ» የሚል አለ፤ እስካሁን ለምን እንዳላየችው አላወቀችም።

«ደህና አይደለሁም፣ ሌይፍ» አለች። «ምንም ደህና አይደለሁም።»

ጨዋታ የማያልቅበት ሰውዬ ሄዶ በሩን ዘጋ፣ ወንበር ሳበላት፣ እሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።